አምስቱም ጣቶች

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ነበር። ተርጓሚዋ ሰዓቱን የምታስታውሰው ፖስታውን በቀደደችበት ቅጽበት ዓይኗ ግድግዳው ላይ ባለው ሰዓት ላይ ስላረፈ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ሃያ ሰባት ደብዳቤ ተከምሯል፤ ይኼኛው አሥራ አንደኛው ነው። ወደ ጎን ያጋደለውን የእጅ ጽሑፍ ስታይ ወዲያው አወቀችው። የሩቋ አያት ናት።

«የሩቋ አያት» የሚላት ወንድሟ ነበር። ተርጓሚዋ የምትሠራበት ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤቱ ባሕር ማዶ ያለ፣ በየአገሩ ለወጣቶች የእጅ ሙያ የሚያስተምር የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ሩቅ አገር የሚኖር አንድ ወዳጅ ይመደብለታል። ሠልጣኙ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጽፋል፣ እሷ ትተረጉማለች። ከደብዳቤው ጋር ደግሞ ሠልጣኙ ግራ እጁን ወረቀት ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በእርሳስ ያሰምራል። ወዳጆቹ እጁ ሲያድግ እንዲያዩ ነው ይባላል። ወንድሟ ከአሥራ አምስት ዓመቱ ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ እጁን ሲልክ ኖረ። «ከቤታችን ውጭ አገር ያየው እጄ ብቻ ነው» እያለ ይስቅ ነበር።

ሰፈሩ ምስማር ነበር የሚለው። ቀጭን ስለነበረና አናጺነት ስለሚማር ብቻ አይደለም፤ አንድ ነገር ላይ ከቆመ የሚነቅለው ስለሌለ ጭምር ነው። እናቱ ግን በዚህ ስም ጠርታው አታውቅም። «ልጄን በብረት አትጥሩብኝ» ትላለች።

ተርጓሚዋ ደብዳቤውን ዘረጋች።

«ውድ ልጄ፣ የስንብት ደብዳቤህ ደረሰኝ። ሥልጠናህን ጨርሰህ ሌላ ከተማ ሥራ ማግኘትህ አስደሰተኝ። ነገር ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። አዲሱን እጅህን ማቀዝቀዣዬ በር ላይ፣ ከቀድሞዎቹ አጠገብ ለጠፍኩት። የቀለበት ጣትህ ሙሉ ነው። ሰማንያ አንድ ዓመት ኖሬ የተቆረጠ ጣት ሲበቅል አላየሁም። እጁም አንሶብኛል። ልጄ፣ ይኼ ያንተ እጅ ነው? ደህና ነህ?»

ግራ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ቀሚሷ እጥፋት ውስጥ ደበቀችው። ማንም የሚያያት አልነበረም።

የጣቱ ነገር የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የአናጺ ክፍሉ የኤሌክትሪክ መጋዝ ሽፋኑ ከተሰበረ ከርሟል፤ ይቀየራል እየተባለ ከረመና አንድ ቀን ጠዋት የምስማርን የግራ ቀለበት ጣት ከጫፉ በላው። ሁለት ወር ሙሉ ማታና ጠዋት ቁስሉን ያጠበችው፣ በሻሽ ያሰረችው እህቱ ናት። «እህትዓለም፣ ቀስ በይ እንጂ! አሁንስ ቀለበት ማሰሪያ አጣሁ፤ ማን ያገባኛል?» ይላታል። «ዱሮም የሚያገባህ አልነበረም» ትለዋለች። በሪፖርቱ ላይ ጉዳቱ «ቀላል ጭረት» ተብሎ ተጻፈ። እሱንም የተረጎመችው እሷው ነበረች። ያኔ ብዙ አላሰበችበትም።

ካለፈ አምስት ወሩ ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች መጥተው ማሠልጠኛውን ከላይ ከሰማይ በካሜራ ያነሱታል ተባለ። ኃላፊው የአናጺ ክፍሉ ጣሪያ ዝገቱ አሳፈረው፤ አረንጓዴ ቀለም ይቀባ አለ። ምስማርን ጠርቶ «አንተ ቀላል ነህ፣ ቆርቆሮው አይጎዳም» ሲለው ተርጓሚዋ በመስኮቷ ሰምታለች። ገመድ ያሰበለት የለም። ግማሹን ቀብቶ ግማሹን ሲጀምር የዛገው ቆርቆሮ ከሥሩ ከዳው።

የአደጋው መዝገብ ላይ ግን እንዲህ ተጻፈ፦ «ሠልጣኙ ያለ ፈቃድ፣ በራሱ ተነሳሽነት ጣሪያ ላይ ወጥቶ።» ግልባጩን ለእናትየው ያነበበላት የጎረቤት ልጅ ነው። እናትየው ከዚያ ወዲህ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው። «መሞቱንስ ሞተ። ባለጌ ነበር መባሉን ግን አልችልም። የኔ ልጅ ውጣ ሳይሉት የሚወጣ ልጅ አልነበረም።» ተርጓሚዋ ይኼን በሰማች ቁጥር ሳህን ታጥባለች፤ የታጠበውንም ደግማ ታጥባለች።

ከቀብሩ በኋላ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተርጓሚዋ ሥራ ገባች። ኃላፊው ቢሮዋ መጥቶ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ ያጽናሽ» አላት። «አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው። ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ ማንም ሠልጣኝ ሲወጣ የስንብት ደብዳቤ ይጽፋል፣ እጁንም ያሰምራል። አለዚያ ወዳጁ ለሌላ ወጣት አይተላለፍም።»

«እሱ እኮ አልወጣም።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። አሮጊት ናት። ሞተ ብለን ምን ልናደርጋት ነው? ጨርሶ ሄደ በያት። ለሷም ምሕረት ነው። ያንቺን ያህል አነጋገሩን የሚያውቅ የለም።»

የመጨረሻው አባባል ነው የረታት። እውነት ነበር፤ አነጋገሩን የሚያውቅ የለም። በዚያ ከሰዓት በኋላ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትታ ተቀመጠችና በወንድሟ አፍ አንድ ገጽ ሞላች። ቀልዱን አስገባች፣ መሳደቡን አስገባች፣ «ሰላም ሁኚልኝ አያቴ» ብላ ዘጋች። አንድ ሰዓት ያህል ምስማር ሌላ ከተማ ውስጥ በር እየሠራ ነበር። በመጨረሻም ወረቀት ዘርግታ፣ እንባዋ እንዳያበላሸው አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ የራሷን ግራ እጅ አሰመረች። አምስቱንም ጣቶች። ያን ጣት ስድሳ ቀን ያሰረች እህት ጣቱን ረሳች።

አሁን ደግሞ ሐሙስ ከዋናው መሥሪያ ቤት መርማሪ ልትመጣ ነው። ባሕር ማዶ አንድ ጋዜጣ ስለ ድርጅቱ ጽፎ ነበር፤ በየማሠልጠኛው አደጋ ይደበቃል፣ ፎቶው ሁሉ ለእንግዳ ተብሎ የተሰናዳ ነው ይላል። የጣሪያው ነገርም በሁለት መስመር ተነክቷል። ኃላፊው ከጠዋት ጀምሮ ከክፍል ክፍል ይዘዋወራል። በሯ ላይም ብቅ አለ።

«ከዚያች አሮጊት የመጣ ነገር አለ እንዴ?»

የቀደደችውን ፖስታ በክምሩ ሸፈነችው። ይኼንን እንደ መልስ ቆጠረው።

«ካለ ሐሙስ እስኪያልፍ ይቆይ። እንግዲህ ትዝ ይበልሽ፤ ማኅተሙ የኔ ቢሆንም ጽሑፉ ያንቺ ነው።»

ደብዳቤውን ከሷ በቀር ያነበበው የለም። ብትቀደው ማንም አያውቅም። አጥፋ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችና ቤት ገባች።

እናትየው ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ልብስ ትጠግናለች። ተርጓሚዋ አጠገቧ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት፤ ደብዳቤውን፣ እጁን፣ ጣቱን። እናትየው መርፌዋን አላቆመችም።

«ደህና ነኝ አለ? በሱ ስም?»

«አዎ እማ።»

«ሌላስ ምን አለ?»

«ሥራ አገኘሁ አለ። የቤት በር ነው የምሠራው አለ።»

«ስለ እኔስ?»

«እናቴ አሁንም ልጄን ብረት አትበሉት ትላለች አለ።»

እናትየው በዚህን ጊዜ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። የልጇን ግራ እጅ ይዛ ገለበጠችው፤ የቀለበት ጣቷን ጫፍ በሁለት ጣቶቿ ያዝ አድርጋ ቆየች።

«ያሰርሽለት አንቺ» አለች። «አንቺ ራስሽ። አዬ ልጄ።» ከዚያ እጇን ለቀቀችው፤ ወርውራ አይደለም፣ አስቀመጠችው። «ሲያዙት ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«አምስት ወር አጠገቤ እየበላሽ?»

«ሐሙስ መርማሪ ትመጣለች» አለች ተርጓሚዋ።

«ከሥራ ያባርሩሻል።»

«ያባርሩኛል።»

«ይኸው ቤቱም በአንቺ ነው የቆመው» አለች እናትየው፤ መርፌዋንም መልሳ አነሳች። ሂጂም አላለች፣ ተይም አላለች።

ሐሙስ መርማሪዋ መጣች፤ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ማስታወሻ ደብተር የያዘች፣ ረጋ ያለች ሴት። ቋንቋውን ስለማታውቅ ተርጓሚዋ በመሃል ተቀመጠች። ሥራዋ ነው፤ አንዱ የሚለውን ለሌላው፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ።

«ጣሪያ ላይ እንዲወጣ ያዘዘው የለም» አለ ኃላፊው። «እልኸኛ ልጅ ነበር።»

ተረጎመችው። ምላሷ አልተደነቃቀፈም፤ ይኼው ራሱ አስደነገጣት።

መርማሪዋ ወደ አናጺው መምህር ዞረች። «እርስዎስ ምን አዩ?»

ጋሼ አናጺው ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክራል። «እኔ... ቀለም ላመጣ ሄጄ ነበር። ምኑን አየሁት።» ይኼንንም ተረጎመች። ሽማግሌው አላያትም። መሰላሉን ይዞለት የነበረው እሱ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

መርማሪዋ ደብተሯን ልትዘጋ ስትል አንድ ነገር አስታወሰች። «ቤተሰቡን ያነጋገረ ሰው አለ?»

«እንዴታ!» አለ ኃላፊው። «ደጋግመን አነጋግረናል። ቤተሰቡ ነገሩን ተረድቶታል። ቅሬታ የለውም።»

ተርጓሚዋ ይኼን ቃል በቃል ተረጎመችው፤ ቤተሰቡ ነገሩን ተረድቶታል፣ ቅሬታ የለውም። ከዚያ ትንፋሽ ወሰደችና በዚያው ቋንቋ ቀጠለች። «ይኼ ያሁኑ የእኔ ነው፤ የሱ አይደለም። ቤተሰቡ እኔ ነኝ። እህቱ ነኝ።»

መርማሪዋ ብዕሯን ያዘች።

«ምን አልሻት?» አለ ኃላፊው። «ኧረ ምንድነው ያልሻት?»

አልመለሰችለትም። የሩቋን አያት ደብዳቤ ከደረቷ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ግራ እጇንም አጠገቡ ዘረጋች። የስንብት ደብዳቤውን የጻፈችው እሷ እንደሆነች፣ እጁ የሷ እንደሆነ፣ ማን እንዳዘዛት፣ በመስኮቱ የሰማችውን ሁሉ ተናገረች። ከዚያም ወደ አናጺው ዞራ የተናገረችውን ሁሉ በገዛ ቋንቋቸው ደገመችው፤ ሥራዋ ነዋ።

አናጺው ኮፍያውን ማሽከርከር አቆመ። «መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለ። «ገመድ የለም ስለው፣ ቶሎ እጨርሳለሁ ጋሼ አለኝ።»

ተርጓሚዋ ይኼን ለመተርጎም ሁለቴ ጀመረች። በሦስተኛው ተሳካላት።

በወሩ የአናጺ ክፍሉ ተዘጋ። ሠላሳ አራት ሠልጣኞች ተበተኑ፤ አንዷ ሠልጣኝ መንገድ ላይ አግኝታት «አንቺ ወንድምሽን አነሳሽ፣ እኛን ጣልሽ» ብላት አለፈች። ተርጓሚዋ ሐሰተኛ ሰነድ በማዘጋጀቷ ከሥራ ተሰናበተች። ኃላፊው ወደ ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ተዛወረ። ለሩቋ አያት እውነቱን በራሷ ስም ጻፈችላት፤ መልስ አልመጣም።

ለእናትየው ከዋናው መሥሪያ ቤት በገዛ ቋንቋዋ የተጻፈ የሦስት መስመር ደብዳቤ ደረሳት። ተርጓሚዋ አነበበችላት፦ «ሠልጣኙ ጣሪያው ላይ የወጣው በማሠልጠኛው ትእዛዝ መሆኑ ተረጋግጧል።» እናትየው ሦስት ጊዜ አስነበበቻት። በአራተኛው ለጎረቤቱ ልጅ ሰጠችው፣ እሱም እንዲያነብላት።

ጣሪያው እስከ ዛሬ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ዝገት ነው።