ሠላሳ ግራም ጂፕሰም

ታላቅ ወንድሜ ከሆስፒታል በወጣ በሁለተኛው ሳምንት መሥሪያ ቤቴ ደወለና፣ "ውሃችሁን ምን አድርጋችሁት ነው?" አለኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ውሃ ላቦራቶሪ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ስለሠራሁ የከተማው ቧንቧ ሁሉ የእኔ ይመስለዋል።

"ምን ሆነ ወንድም ጋሼ?"

"የጠመቅኩት ቢራ ጣዕሙ ጠፋ። ውሃው ተበላሽቷል። ነይና መርምሪው።"

ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ አትክልት ይኮተኩታል። የእኔው ጉድ ግን ጓዳውን በብቅልና በእርሾ ሞልቶ ቢራ ጠማቂ ሆኖ አረፈው። ስንቀልድበት ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ቀጠለ፤ እውነቱን ለመናገር ቢራው የሚያስቀልድ አልነበረም፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰበብ እየፈለገ ይመጣ ነበር። እናም ለአንድያ ልጁ ሰርግ ስልሳ ጠርሙስ በእጄ ጠምቄ አቀርባለሁ ብሎ ቃል ገባ። ጉሮሮውን የታመመው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ለሰርጉ የቀረው ሁለት ወር ሲሆን ቢራው ደግሞ ለመድረስ ከወር በላይ ይፈልጋል። አንዴ ከተበላሸ ሁለተኛ ዕድል የለም።

ዕቃዬን ይዤ ሄድኩ። ከቧንቧው ቀድቼ ካልሲየሙን፣ ክሎሪኑን፣ አሲድነቱን ለካሁና ከአምናው ጋር አመሳከርኩ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርቶ፣ "የጉሮሮው የጨረር ሕክምና ምላሱን ነክቶታል፤ ጣዕም ላይመለስለት ይችላል" ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ ለወንድሜ አልነገርኩትም። ዛሬ ነገ ስል ቀረ።

"እህ?" አለኝ፣ ዓይኑን ከፊቴ ሳይነቅል።

"ማዕድኑ ትንሽ... ቀነስ ብሏል።"

"አላልኩሽም!" አለ። በሥራዬ አንድም ቀን የሐሰት ቁጥር ጽፌ የማላውቅ ሴትዮ፣ ወንድሜ ጓዳ ውስጥ ቆሜ ዋሸሁ።

ጂፕሰም የሚባለው ነጭ ዱቄት ውሃው ውስጥ ሲገባ የቢራውን ምሬት ያጎላዋል፤ ልክ ካለፈ ግን ኖራ መላስ ነው። ጠማቂዎች ልኩን የሚያገኙበት ዘዴ አላቸው። ከበፊቱ የተረፈ ቢራ በብርጭቆ ይቀዱና የተበጠበጠ ጂፕሰም በጠብታ እየጨመሩ ይቀምሳሉ። ጣዕሙ መጣ ያሉበትን ጠብታ ቆጥረው ለትልቁ ድስት ያሰላሉ። ወንድሜ ሁልጊዜ ስድስተኛው ላይ ያቆም ነበር። የዚያን ቀን አሥርን አለፈ፣ ሃያን አለፈ። እኔ እቆጥራለሁ፣ እሱ ይቀምሳል፣ ግንባሩን ይቋጥራል፣ እንደገና ይጨምራል። አርባ አምስተኛው ላይ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ዷ አደረገና "መጣ! መጣልኝ!" አለ። ፊቱ ፈካ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ለሃያ ሊትር ሲሰላ ሠላሳ ግራም ወጣ። የወትሮው አራት ነው።

"ወንድም ጋሼ፣ አልበዛም?"

"አንቺ ስንት ዓመት ጠምቀሻል?" ብሎ አፈጠጠብኝ።

አለቃዬን እንኳ የማልፈራው እኔ ሚዛኑን ሳብኩ። ፈርቼው ግን አይደለም፣ አንጀቴን በልቶኝ ነው። ያን ሳቅ ከፊቱ ላይ የምነጥቀው እኔ እንዳልሆን ፈለግኩ። ሠላሳውን ግራም በገዛ እጄ መዝኜ ሰጠሁት።

ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው አስጠራኝ። ስልሳዎቹ ጠርሙሶች ታሽገው ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። አንዱን ከፍቶ ቀዳልኝና፣ "ቅመሺልኝ" አለኝ። "ትናንት ልጄ ሾርባ ሠርታ ጨው አነሰው ብዬ ጨመርኩበት። እሷ ስትቀምሰው መዋጥ አቃታት። ከዚያ ወዲህ ምላሴን አላምነውም።"

ተጎነጨሁ። ኖራው ድዴን ያዘኝ፣ ምሬቱ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

"ዋጪው እንጂ" አለኝ።

ዋጥኩት። ይጣፍጣል ልል አፌን ከፈትኩና እንባዬ ቀደመኝ።

ወንድሜ ጠርሙሶቹን አየና፣ "ውሃው ምንም አልሆነም ነበር፣ አይደል?" አለ።

"አልሆነም።"

"መቼ አወቅሽ?"

"የዚያኑ ቀን።"

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢጮህብኝ በወደድኩ። እሱ ግን ወንበር ስቦ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"ብትነግሪኝ እኮ በአራት ግራም እጠምቀው ነበር" አለ፣ ድምፁን ዝግ አድርጎ። "እኔ ባልቀምሰውም እጄ ያውቀዋል። ልጄ ትቀምስልኝ ነበር።"

እሱ እየከፈተ፣ እኔ እየደፋሁ፣ ስልሳውንም ገንዳው ውስጥ አፈሰስናቸው።