የተባለ አይባልም

ይታገስ ከቢቸና ሞጣ የመጣው ትምህርት ቤቱን ወክሎ በእንግሊዝኛ ዘይቤ ለመወዳደር ነው። ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ከፊት ወንበር ላይ የኔታ ኃይለ ሚካኤል ተቀምጠዋል፤ አምስት ዓመት ቅኔ ያስተማሩት፣ ጥሏቸው አስኳላ ሲገባ ደግሞ በተማሪዎቻቸው ፊት «ከሃዲ» ያሉት መምህሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጉልበታቸውን ሊስም በሄደ ቁጥር እግራቸውን ሰብስበውበታል። ዛሬም የመጡት የእንግሊዝኛ መምህርቱ ይርጋነሽ ደጅ ጠንታ ነው። ቢያሸንፍ ምናልባት ይቅር ይሉት ይሆናል።

ዳኛው «ጀግና ሰውን በምሳሌ ግለጹ» አለ። የመጀመሪያዋ ተወዳዳሪ በእንግሊዝኛ «እንደ አንበሳ ጀግና» አለች። ተጨበጨበ። ሁለተኛው ተነሣና ያንኑ አንበሳ ጎትቶ አመጣ!

ይታገስ ክው አለ። ቅኔ ቤት ቢሆን የሌላውን ቅኔ የራሴ ብሎ ያቀረበ መግቢያ ነው የሚያጣው። እዚህ ግን አሥር ከአሥር ተሰጠው። ሦስተኛዋም አንበሳ፣ አሁንም አሥር። ኧረ የሰው ያለህ! በጠራራ ፀሐይ ሌብነት፣ ያውም በዳኛ ፊት፣ ያውም እየተጨበጨበ!

ተራው ደረሰ። አንበሳውን መቼ አጣው፤ ይርጋነሽ ስንቴ አስጠንታዋለች፣ አሁንም ከጥግ ሆና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታስታውሰዋለች። ምላሱ ግን እምቢ አለው። በእንግሊዝኛ «በሕዝብ ፊት ቆሞ በገዛ ራሱ ላይ እንደሚመሰክር ሰው ጀግና» አለ።

«መጽሐፉ ላይ የለም» አለ ዳኛው። «ዜሮ።»

ዜሮ! ይታገስ ጆሮውን ማመን አቃተው።

«ምን ብሎ ነው?» ሲሉ የኔታ ጠየቁ። ይርጋነሽ እንባዋን እየዋጠች ተረጎመችላቸው።

«የቀሩትስ?»

«አንበሳ፣ የኔታ። ሁሉም አንበሳ ነው ያሉት።»

«ሁሉም!» አማተቡ። ወደ ይታገስም ዞሩ፤ ሁለት ዓመት ያላናገሩትን ልጅ አናገሩት። «አንተ አንበሳውን አታውቀውም ነበር?»

«አውቀዋለሁ፣ የኔታ።»

«ታዲያ ምነው?»

«ሰው ብሎት የለ!»

ይታገስ ቁጣውን ሊቀበል አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው ግን መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡና ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ይህን ልጅ በጉባኤዬ ፊት ከሃዲ ብዬዋለሁ» አሉ። «ዋሽቻለሁ።»

ዳኛው እስክሪብቶውን እንዳነሣ ቀረ። ይታገስ ሄዶ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ።

እግራቸውን አልሰበሰቡም።