የሎሌ ትርፍ ጭነት

ባሕር የሌላት አገር ምን የባሕር ኃይል አላት የሚል ቢኖር፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ አላት፤ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብም አላት። ለመርከቧ የታጨው ሁለገብ አውሮፕላን ፈተናውን ካለፈ ደብዳቤ ያደርሳል፣ መለዋወጫ ያመላልሳል፣ በሽተኛ ያወጣል። የማይላክበት ነገር ስለማይኖር መርከበኞቹ «ሎሌ» አሉት።

ሌተናንት መቅደላዊት ሎሌን አራት ዓመት ሙሉ ስታበርና ስትሞክር ኖራለች። ዛሬ የመጨረሻው ፈተና ነው፤ ቦታውም የራሷ አገር፣ አዘዞ። የጎንደር አየር ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ለመነሳት ብዙ መንደርደር ይፈልጋል። በመንደርደሪያው አስፋልት ላይ፣ የመርከቧ ወለል በሚያልቅበት ርቀት፣ ነጭ መስመር ተቀብቷል። ሎሌ ሙሉ ጭነቱን ይዞ ከመስመሩ በፊት ከተነሳ የትም ይነሳል፤ መስመሩን ከነካ ግን እሱ ይቀርና ከውጭ ሌላ ይገዛል። ከዚያ ወዲያ አስፋልቱ ስለሚቀጥል ሞት የለም፤ ውርደት ግን አለ።

ጧት የጭነት ክፍሉን ስትፈትሽ ከተመዘኑት ሳጥኖች ኋላ ሁለት ጆንያ አገኘች። በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ሜካኒኩ ሀዳነ አንገቱን ደፍቶ፣ ትናንት ለቤተሰብ በተፈቀደው ሰዓት እናቷ ወይዘሮ ሸዋረግ ከኮሶዬ አምጥተውት እምቢ ማለት እንዳቃተው ነገራት። መቅደላዊት ደሟ ፈላ። አጥሩ ሥር ወደቆሙት እናቷ ሄደች።

«እማዬ፣ ምነው እንዲህ ታደርጊኛለሽ? የአውሮፕላኑ ጭነት እኮ በኪሎ የተለካ ነው።»

«ባሕር ላይ ምን ይበላሉ ብዬ ነው» አሉ ሸዋረግ፣ ምንም ሳያፍሩ። «የጓደኞችሽም እናቶች ሩቅ ናቸው።»

ንዴቷ እዚያው በረደ። ሄዳ ለፈታኙ ለኮሞዶር ኪዳነወልድ ሁሉንም ተናገረች። ጆንያዎቹ ሲመዘኑ አንድ ኩንታል ሞሉ። ኮሞዶሩ ይውረድ አሉ።

«ሎሌ ዕድሜውን ሙሉ የሰው አደራ ሲያመላልስ ነው የሚኖረው» አለቻቸው። «በየወደቡ እንደኔ እናት ያለች አትጠፋም። ከነጆንያው ልነሳ። መስመሩን ከነካሁ ወደቀ ብለው ይፈርሙ።»

ትክ ብለው አዩዋትና ፈቀዱ።

ፍሬኑን ስትለቅ ሎሌ እንደ ወትሮው አልተፈተለከም፤ ከብዶታል። ነጩ መስመር እየቀረበ መጣ። መቅደላዊት ግን አልቸኮለችም። የዚህን አውሮፕላን ጠባይ ታውቀዋለች፤ ቶሎ ከሳቡት ያኮርፋል፣ ከታገሡት ይታዘዛል። ታገሠችው። ከዚያ መሪውን ሳበች፤ መስመሩ ላይ ለመድረስ አምስት ሜትር ሲቀር ጎማዎቹ አስፋልቱን ለቀቁ። ብቻዋን ሳቀች።

ከተማዋን አንዴ ዞራ ስታርፍ ኮሞዶሩ የማለፊያ ቅጹን ፈርመው ቆይተዋት ነበር። እናቷም እንዲገቡ ተፈቅዶላቸው መጡ። ሸዋረግ ግን ቅጹንም ኮሞዶሩንም አላዩም፤ በተከፈተው በር ጆንያዎቹን አይተው ፊታቸው ጠቆረ።

«ምነው ልጄ፣ ሳታደርሺላቸው ተመለስሽ?»

የመለሱት ኮሞዶሩ ነበሩ። «ነገ ይደርሳል፣ እናቴ» አሉ። «ሎሌ ዛሬ ነው የተቀጠረው።»