መሪጌታ ላቀው ያልሰሙት ውሃ

አቶ ጀላል ዳባት ባለው ቤታቸው ልጃቸውን ሊድሩ ሽማግሌ የተቀበሉ ቀን፣ የሙሽራው አጎት ስለ መህሩ፣ ለሙሽራዋ ስለሚሰጠው ጥሎሽ፣ ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ዝም እንዳሉ፣ ከሳሎኑ ግድግዳ ውስጥ ረጅም፣ የሚንቦጫረቅ፣ መጨረሻው እንደ ግሣት የሆነ ድምፅ ወጣ። ፎቅ ላይ አንድ ሰው የሽንት ቤት ውሃ ለቆ ነበር። እንግዶቹ ግን በግድግዳው ውስጥ የፕላስቲክ ቧንቧ ማለፉን ከየት ይወቁት? ሁሉም ቀስ ብለው ዓይናቸውን ወደ አቶ ጀላል ሆድ አዞሩ። የሙሽራው አጎትም በትሕትና፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ እኔንም ጨጓራ ያሠቃየኛል» አሉ። ሠርጉ ሠመረ፣ ልጅቷም ወልዳ ሳመች፤ ዳባት ገበያ ላይ ግን «ሆድዎን እንዴት አደረገዎት?» የሚላቸው ሰው እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ደባርቅ ላይ፣ ወደ ስሜን ተራራ ለሚወጡ እንግዶች የሚሆን ባለ ሦስት ፎቅ ማረፊያ መሥራት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ምሰሶው ቆሞ ግድግዳው ሲነሳ አስቀድመው ያስጠሩት በርና መስኮት ሠሪውን አልነበረም፣ ቀለም ቀቢውንም አልነበረም፤ እስከዳርን ነበር።

እስከዳር ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር የቀራት የቧንቧ ሠራተኛ ናት። ጎንደር ተምራ፣ አዲስ አበባ ትልልቅ ሕንፃዎች ላይ አራት ዓመት ሠርታ፣ እናቷ ሲታመሙ ወደ ደባርቅ ተመለሰች። እናቷ ዳኑ፣ እሷም በዚያው ቀረች። የደባርቅ ሥራዋ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ማጥበቅና የተደፈነ መክፈት ብቻ ሆነባትና ልቧ ይቃጠል ነበር።

«ልጄ፣ የማይጮኽ ቧንቧ አለ?» አሏት አቶ ጀላል።

ይህን የሚጠይቃት ሰው ስትጠብቅ ስንት ጊዜዋ። አንዴ አፏን ከከፈተች መዝጊያ አልተገኘላትም።

«አለ፣ ጋሼ። ካስት አይረን ይሉታል፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው። ክብደት ስላለው ውሃ ሲወርድበት አይርገበገብም፤ ካልተርገበገበ ደግሞ አይጮኽም። ውስጡም ውጩም ተለብጧል። ቀለም ነው ብለው እንዳያስቡ፣ እንደ ጥሩ ሳህን ነው የሚያብለጨልጨው፤ በረኪናው፣ ሳሙናው፣ የፈላው ውሃ አይበላውም። ልሙጥ ስለሆነ ቆሻሻው የሚጨብጠው አያገኝም። እሳት ቢነሳ አይቀልጥም፣ ነበልባሉን ከፎቅ ወደ ፎቅ አያሻግርም። ትኩስ ውሃ ሲወርድበት እንደ ፕላስቲክ አይለጠጥም፣ የኛ ውርጭ አይሰነጥቀውም። አይጥ ደግሞ...»

«አይጡን ተይው። አይጮኽም ነው ያልሽኝ?»

«አይጮኽም።»

«በቃ» አሉ።

ነገሩን ያልወደዱት ፎርማኑ ደርቤ ነበሩ። ጋሽ ደርቤ ሠላሳ ዓመት ሕንፃ አቁመዋል፤ ሲናደዱ ሜትራቸውን እየጎተቱ መልሰው ይለቁታል። «ብረት ይዝጋል» አሉ፣ ሜትሩ ቀጭ ብሎ ተመለሰ። «ብረት ይከብዳል» አሉ፣ እንደገና ቀጭ አለ። «ፕላስቲኩን አንድ ሰው በትከሻው ይዞ ደረጃ ይወጣል። ይህን ማን ይሸከመዋል?»

«ይከብዳል፣ እውነትዎን ነው» አለች እስከዳር። «ማሰሪያውም ጠንከር ያለ ይፈልጋል። ዝገቱን ግን ልባሱ ይከላከልልናል፤ የምቆርጠውን ጫፍ ሁሉ መልሼ እለብጠዋለሁ።»

ቧንቧው በጭነት መኪና ደርሶ ሲራገፍ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሊያይ ወጣ። ውጩ እንደ ሸክላ የቀላ፣ ውስጡ እንደ እንቁላል አስኳል የወረዛ ቢጫ፤ አንዱን ለሁለት እየተሸከሙ አስገቡት። ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት መሪጌታ ላቀው ሕንፃው ከተጀመረ ጀምሮ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ሥራውን የሚከታተሉ ናቸው። ተነሥተው መጡና አፋቸውን ወደ አንዱ ቧንቧ ጫፍ አስጠግተው «ሃሌ ሉያ» አሉ። ድምፁ ደስ አላቸው መሰለኝ፣ ደገሙት።

እስከዳር አምስት ወር ሙሉ ፀሐይ የወጣላት መሰላት። ቧንቧውን ከቧንቧ በጎማና በብረት ቀለበት ስታያይዝ፣ ስታጠብቅ፣ በውሃ ልክ ስታስተካክል ታንጎራጉራለች። ከኋላዋ ሴራሚክ የሚለጥፈው ድረስ ይከተላታል። ድረስ ዝምተኛ የዳባት ልጅ ነው፤ እጁ ቀጥ ያለ፣ ሲሚንቶ የማይንጠባጠብበት፤ በአምስት ወር ውስጥ ከእሱ አፍ የሰማችው «ደህና አደርሽ» እና «ልሸፍነው?» ብቻ ነው። የእሷ ሥራ ሳይታይ የሚቀረው እሱ ሲሸፍነው ነውና ሁልጊዜ ይጠይቃታል። «ሸፍነው» ስትለው ቧንቧውን አንዴ በመዳፉ ይዳብሰዋል፤ ከዚያ ይሸፍነዋል። እስከዳር ይህችን መዳበስ ለማየት ስትል ያለ ምክንያት የቆመችባቸው ቀኖች እንደ ነበሩ ለማንም አልተናገረችም።

የሙከራው ቀን ቅዳሜ ጧት ሆነ። የሽንት ቤት መቀመጫዎቹ ገና አልተተከሉም፤ በየፎቁ ሁለት ሁለት ክፍት አፍ አለ። እስከዳር በእያንዳንዱ አፍ ላይ አንድ አንድ ሠራተኛ ከነባልዲው አቆመች። ድረስ ሦስተኛ ፎቅ ሆነ። ዋናው ቧንቧ በሚወርድበት የምግብ አዳራሽ ግድግዳ ሥር ደግሞ አቶ ጀላል፣ ጋሽ ደርቤና መሪጌታ ላቀው ተቀመጡ። መሪጌታ የተጠሩት ለጆሯቸው ነው። ሃያ ደብተራ እያዜመ የማን ድምፅ እንደ ተንሸራተተ በስም የሚጠሩ ሰው ናቸው። በርጩማቸውን አስጠግተው፣ ጥምጥማቸውን ከፍ አድርገው፣ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉ።

እስከዳር ለድረስ ደወለች። «አሁን» አለችው።

አዳራሹ ጸጥ አለ። አንዲት ዝንብ መስኮቱን ስትመታ ይሰማል። አንድ ደቂቃ አለፈ።

«ምነው፣ አይጀምሩም እንዴ?» አሉ አቶ ጀላል።

«ፈሰሰ እኮ፣ ጋሼ። ስድስት ባልዲ።»

አቶ ጀላል ወደ መሪጌታ ዞሩ። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምንም። የፈሰሰ ነገር የለም።»

ጋሽ ደርቤ ሳቁ። «ባዶ ባልዲ ነው የደፉት። ልጆቹን አስጠንታቸዋለች።»

እስከዳር ደሟ ወደ ፊቷ ወጣ። «እንግዲያው ይውጡና ራስዎ ይድፉት» አለች። ጋሽ ደርቤ ሜትራቸውን ወገባቸው ላይ ሰክተው ወጡ። ሲወጡ ኮቴያቸው ይሰማል፤ አንደኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሦስተኛ። ከዚያ ምንም። በመጨረሻ የአቶ ጀላል ስልክ ጮኸ።

«ሰማችሁ?» አሉ ጋሽ ደርቤ።

«ምኑን?»

«ሁለት ባልዲ በገዛ እጄ ደፋሁ እኮ።»

አቶ ጀላል ስልኩን ከጆሯቸው አንሥተው አዩት። መሪጌታ ላቀው ግን ፊታቸው ዳመነ። ከግድግዳው ቀስ ብለው ተላቀቁና፣ በዝግታ፣ «ልጆቼ፣ እንግዲህ ጆሮዬ ሄዷል ማለት ነው» አሉ። «ስድሳ ዓመት ያገለገለኝ ጆሮ ነበር። ሳይሰናበተኝ ሄደ።»

በዚህ መካከል በጓሮ በኩል አንድ ሠራተኛ ሚስማር ጣለ።

«ባለ ስምንት ሚስማር ናት» አሉ መሪጌታ ወዲያው። ከዚያ ፊታቸው እንደ ሕፃን ፊት በራ። «ጆሮዬስ አለ» አሉ፤ ተነሥተውም ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ደረጃው አመሩ። «እኔም ልድፋ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሥርዓት ያለው ሥራ ማለት ያስቸግራል። መሪጌታ አንደኛ ፎቅ ላይ ባልዲ ደፍተው «ተሰማ?» ይላሉ፤ አቶ ጀላል ከታች «አልተሰማም» ይላሉ፤ ይህን ብለው መቀመጥ አቅቷቸው እሳቸውም ይወጣሉ። ጋሽ ደርቤ ሊያዳምጡ ሲወርዱ አቶ ጀላል ሊደፉ ሲወጡ ደረጃው ላይ ይጋጫሉ። «ተሰማዎት?» «አልተሰማኝም።» «ለእኔም አልተሰማኝም።» ባልዲው የሚሞላበት የውሃ በርሜል ተጋመሰ፣ ሁሉም እስከ ጉልበቱ ራሰ፤ የአቶ ጀላል ካልሲ ጫማቸው ውስጥ ጭልቅ ጭልቅ ይላል። በሕንፃው ውስጥ የሚሰማ የውሃ ድምፅ ቢኖር እሱ ብቻ ነበር። እስከዳር ደረጃው መካከል ቆማ በሳቅ ሆዷን ይዛለች፤ እንባዋን በሥራ ጓንቷ ስትጠርግ ፊቷ ላይ አቧራው በመስመር በመስመር ሆነ።

ምሳ ይዘው የመጡት የአቶ ጀላል ባለቤት ወይዘሮ ረህማ አዳራሹ ባዶ ሆኖ አገኙት። ሰው ሁሉ ላይ ሆኖ ወደ ታች «ተሰማ?» እያለ ይጮኻል፣ ታች የሚያዳምጥ ግን አንድም የለም። ነገሩ ሲነገራቸው ጥቂት አሰቡና ለሰላጣ ከያዙት ዘንቢል ውስጥ ትንንሽ ሎሚ አወጡ።

«ከላይ ገብቶ ከታች ከወጣ ውሃው ወርዷል ማለት ነው» አሉ። «በጆሮ ምን አደከማችሁ? በዓይናችሁ አታዩም?»

ይህን ከእሳቸው በፊት ማንም አላሰበውም ነበር። ለየፎቁ አንድ አንድ ሎሚ ታደለ። የአንደኛ ፎቅ ሎሚ አንድ ጭረት፣ የሁለተኛ ሁለት፣ የሦስተኛ ሦስት ጭረት በማርከር ይደረግበት ተባለ። ሽማግሌዎቹ ጓሮ ወርደው፣ ቧንቧው ከቤት ወጥቶ በሚደርስበት ጉድጓድ ዙሪያ ቆሙ። ጋሽ ደርቤ ክዳኑን አንሥተው በጉልበታቸው ተንበረከኩ።

እስከዳር «አሁን» አለች በስልኩ።

ውሃው ያለ ኮሽታ መጣ፤ ገና ማንም ያልተጠቀመበት ቧንቧ ነውና ጥርት ያለ ነው። በላዩ ላይ አንዲት ሎሚ እየተሽከረከረች ወጣች። ጋሽ ደርቤ አፈፍ አደረጓት። «አንድ ጭረት» አሉ። ቀጥላ ሌላ መጣች። «ሁለት ጭረት።» ድምፃቸው እየቀጠነ ሄደ። «ልጣጯ እንኳ አልተፋቀም እኮ። ምን ያህል ቢለሰልስ ነው?» ሜትራቸውን መሳብ ረስተዋል።

ከዚያ የሦስተኛው ፎቅ መጣ። ጋሽ ደርቤ ሎሚዋን አንሥተው አገላበጧት፣ ዓይናቸውን አጠበቡ። «ይህችኛዋ ጭረት የላትም። ጽሕፈት ነው ያለባት። መሪጌታ፣ እርስዎ ያንብቡት።»

መሪጌታ ላቀው ሎሚዋን ወደ ብርሃን አቀረቡ፤ ብራና እንደሚያነቡ ሆነው፣ ፊደል በፊደል፣ «እስ...ከ...ዳር» አሉ።

ሁሉም ሎሚዋን ሊያዩ ተጠጉ።

«የጥምቀት ዕለት ሎሚ ለልጃገረድ ሲወረወር አይቻለሁ» አሉ መሪጌታ፣ በጣም እያሰቡበት። «በቧንቧ ሲላክ ግን የመጀመሪያዬ ነው።»

ሁሉም ወደ ላይ አንጋጠጡ። ድረስ ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ የሆነውን ሁሉ ሳያውቅ፣ «ደረሰ?» አለ።

«ደርሷል» አለች እስከዳር።

ጋሽ ደርቤ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ። አቶ ጀላል ሳቁ፤ ወይዘሮ ረህማም በሻሽ ጫፋቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ድረስ ሳቁ ለምን እንደ ሆነ ሲገባው ከመስኮቱ ጠፋ። ሎሚዋን መሪጌታ ለእስከዳር በሁለት እጃቸው ሰጧት፤ እሷም በሁለት እጇ ተቀብላ የሥራ ልብሷ ኪስ ውስጥ ከተተቻት። «መጋጠሚያዎቹን ማየት አለብኝ» አለች።

ውሸቷን አልነበረም። ከሙከራ በኋላ፣ ለዚሁ ሲባል ሳይሸፈን የቆየው እያንዳንዱ መጋጠሚያ በደረቅ ጨርቅ ይዳበሳል፤ ጨርቁ ከረጠበ ያፈሳል ማለት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ ድረስ ጥግ ላይ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጧል፤ ማርከሩ አሁንም እጁ ላይ ነው።

«ጭረት ልጭር ነበር» አለ። «እጄ ዝም ብሎ ጻፈው።»

«መብራት ያዝልኝ» አለችው።

ስልኩን አብርቶ ያዘላት። የመጀመሪያውን መጋጠሚያ ዳበሰች፤ ደረቅ ነው። ሁለተኛውም ደረቅ። ሁለተኛ ፎቅ ወርደው፣ በኮርኒሱ ቀዳዳ ገብተው፣ ከዚያም አንደኛ ፎቅ፤ አንድ ጠብታ የለም። የመጨረሻው መጋጠሚያ ላይ እጇ ትንሽ ቆየ።

«እናቴን ለማነጋገር ሽማግሌ ትፈልጋለህ» አለች፣ ወደ ቧንቧው እያየች። «አንተ እንደሁ አትናገርም።»

ድረስ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ተናገረ፤ ተናግሮም አላቆመም። መጀመሪያ ያያት ቀን ቁራጭ ቧንቧ በትከሻዋ ይዛ ጋሽ ደርቤን ስትከራከር እንደ ነበር፣ ዳባት ላሉት አባቱ ስለ እሷ ያልነገራቸው ነገር እንደሌለ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሴራሚክ ሆን ብሎ አጣሞ ለጥፎ እንደ ነበር፣ እሷ እንድትቆጣው፣ እሷ ግን እንዳላየችው፣ በዚህም ሦስት ቀን እንዳዘነ። ከታች ወይዘሮ ረህማ ምሳው በረደ እያሉ ይጣራሉ።

«የቱ ነው የተጣመመው?» አለች እስከዳር።

ሊያሳያት ወደ ላይ ሮጠ፤ እሷም ጨርቋን እንደያዘች ተከትላው ሮጠች።