ያልተዳረችው ልጅ

«ቀብሩ እስኪያልፍ እንኳ አይታገሡም?» አለች ፊሊፓ።

የመስፍኑ ሹም ሰር ጎድፍሪ ቆቡን አውልቆ አንገቱን ደፋ። «እግዜር ያጽናዎት እመቤቴ። ምን ላድርግ? መስፍኑ ልጅቷ ዛሬውኑ ትምጣ ብለዋል።»

የባሏ የሰር ሂው ሬሳ ሻማ ተከቦ ጸሎት ቤቱ ውስጥ ተኝቷል። ለቅሶ የመጡት ባላባቶች አዳራሹን ሞልተው ወይን እየጠጡ ያንሾካሽካሉ። በሹሙ መምጣት ማንም አልተገረመም። የባላባት ወራሽ የሆነች ልጅ አባቷ ከሞተ፣ አካለ መጠን እስክትደርስ እሷም ርስቷም በአባቷ የበላይ ጌታ በመስፍኑ እጅ ናቸው፤ ለፈለገው ይድራታል። እናት ማልቀስ እንጂ ማስቀረት አትችልም። የፊሊፓ ልጅ አሚስ ደግሞ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ወንድም የላት፣ እህት የላት።

«ምነው አባቷ በሕይወት ሳለ ብትድሯት ኖሮ!» አለች ጎረቤቷ እመቤት ሲቢላ ጠጋ ብላ። «የኔዋን በአምስት ዓመቷ ድሬ ተገላገልኩ። ይኸው ጉያዬ ሥር እያደገች ነው። የተዳረችን ማን ይነካል? ሂው ግን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ግትር ነበር።»

እውነትም ግትር ነበር። ፊሊፓ ራሷ አባቷ የሞተ ሰሞን፣ በሰባት ዓመቷ፣ ከእናቷ ተነጥቃ ወደ ሂው አባት ቤት የተወሰደች ልጅ ናት። ለልጁ ለሂው አጯት። እህል አልቀምስም ብላ ስታለቅስ፣ ሂው በእጅጌው ደብቆ የተጠበሰ ፖም አምጥቶ አጠገቧ ቁጭ አለ። አይዞሽ እንኳ አላላትም። ዝም ብሎ አብሯት ተቀመጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደደችው።

አሚስ ስትወለድ ታዲያ፣ «ይቺ ልጅ እንዳንቺ አታለቅስም። ራሷ እሺ እስክትል ለማንም አልሰጣትም» ብሎ ማለ። ሊያጯት የመጡትን ሁሉ፣ «አፏ ገና ወተት ወተት ይሸታል» እያለ መለሰ። አደን ወጥቶ ፈረስ ይጥለኛል ብሎ መቼ አሰበ?

ፊሊፓ ጸሎት ቤቱ ገብታ ሬሳው ላይ ተደፋች። «ምነው ክፉ አባት በሆንክላት!» ብላ ጮኸች።

ግቢው ጭቃ ነው። አሚስን ፈረስ ላይ አስቀምጠዋታል።

«እማዬ፣ ለአባዬ ቀብር እመለሳለሁ አይደል?»

ፊሊፓ ሰር ጎድፍሪን አየችው። እሱ መሬት መሬቱን አየ።

«እርካቡ ረዝሞብሻል» አለቻት ልጇን።

ባላባት የሚያጎነብስላት እመቤት ሎሌዎቹ ፊት ጭቃው ላይ ተንበረከከች። የእርካቡን ጠፍር አንድ ቀዳዳ አሳጠረች። አሁንም አንድ ጨመረች። ትንሿ እግር ልክክ ብላ ገባች።

«በቃ እማዬ፣ ልክ ነው» አለች አሚስ።

ፊሊፓ ጠፍሩን ፈታችና እንደገና ማሰር ጀመረች።