ዘጠና ሰባት የገቡት ሰውዬ

ኢሕአዴግ ከገባ ወዲህ መካነ ሰላም ላይ ስም ያለው ሰው ሁሉ የሚሞተው በዘጠና ሰባት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ መምሬ ንጉሡ በዘጠና ሰባት ሞቱ። ዓመት ሳይሞላ ግራዝማች አሻግሬ ተከተሉ። ቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ የሚያነበው ጡረተኛው መምህር አድማሴ ሰማንያ አራት ብሎ ሊጽፍ ሲል ልጆቻቸው «አባታችን ከመምሬ በምን ያንሳል?» ብለው አፈጠጡበት። ከመምሬ እንዳያስበልጣቸው ደግሞ መምሬ ካህን ናቸውና ፈራ፤ እዚያው ዘጠና ሰባት ላይ አቆማቸው። ሼህ ሙሐመድአሚን ሲሞቱም ጎረቤቱ በሙሉ ዘጠና ሰባት አለ። ሙስሊሙስ ከክርስቲያኑ ለምን ይነስ?

የንግሥቴ ባል አቶ ይሄነው ግን ነገሩን የእግዜር ቁርጥ አደረጉት። እሳቸውም ሽምግልና ላይ ፊተኛውን ወንበር ላለመልቀቅ በየዓመቱ ሁለትም ሦስትም ዓመት ሲጨምሩ ኖረው፣ ዘንድሮ በገዛ አፋቸው ዘጠና ሰባት ገቡ። ከመስቀል ማግሥት ጀምሮ ልጃቸው ከቤይሩት የላከችውን ነብር የተሳለበት ብርድ ልብስ ተከናንበው ተኙ። እህል አልቀምስም አሉ።

«አሞዎት ነው?» አለች ንግሥቴ።

«ምንም አላመመኝ። ተራዬ ደርሶ ነው።»

«የምን ተራ? ወፍጮ ቤት መሰለዎት?»

«ዝም በይ። በሬውን እንዳትሸጪው፤ ለተዝካሬ ነው።»

ንግሥቴ መጀመሪያ ሳቀች። የባሏ አንገት እየቀጠነ ሲሄድ ግን ሳቁ ጠፋባት። የነፍስ አባታቸውን አስጠራች፤ እሳቸውም ጠበል ረጩ፣ ጠላ ጠጡ፣ «ፈቃዱ ይሁን» ብለው ሄዱ። በመጨረሻ የባሏ አብሮ አደግ ሐጂ አዩብ ዘንድ ሮጠች።

«ሐጂ፣ ሰውዬው በጤናቸው ሊሞቱብኝ ነው!»

ሐጂ አዩብ ገብተው የብርድ ልብሱን ጫፍ ገለጡ። «አብሽር ይሄነው! ምን ሆነሃል?»

«ዘጠና ሰባት ሞላኝ።»

«ወላሂ ትዋሻለህ! ጣሊያን ሲገባ አብረን ጥጃ እንጠብቅ አልነበር? መኪና አይቶ ሱሪው ላይ የሸናው ማን ነው?»

«ሱሪ አልነበረኝም!»

«እኔ በሁለት ክረምት እበልጥሃለሁ፤ ሰማንያ እንኳ አልሞላኝም።»

«ሚስቴ ፊት!»

«እንግዲህ ምረጥ። ዘጠና ሰባት ከሆንክ ሙት፤ ወግ ባለው ቀብር እሸኝሃለሁ። ካልሆንክ ተነሥ። ግን ቅዳሜ ሽምግልናው ላይ ከእኔ በታች ትቀመጣለህ።»

ንግሥቴ ምሰሶውን ያዘች። ባሏን ታውቃቸዋለች፤ ከወንበሩ ከመውረድ ሞቱን እንዳይመርጡ ፈራች።

ይሄነው ከብርድ ልብሱ ሥር አንገታቸውን አወጡ።

«ከአንተ በታች?»

«ከእኔ በታች።»

«ሰው እያየ?»

«ሰው እያየ።»

ነብሩን ከላያቸው ገፈው ተነሡ። «ንግሥቴ፣ እህል የሚባል ነገር እዚህ ቤት የለም?»

ቅዳሜ ሐጂ አዩብ ፊት ተቀምጠው መረቁ፤ ሰዉ አሚን አለ። ይሄነው ከጎናቸው ዝቅ ብለው አጉረመረሙ። አንዱ ነገረኛ «ጋሼ፣ ምነው ወረዱ?» ቢላቸው «ዘንድሮ ልጅነት አማረኝ» አሉት።

ቤት ሲገቡ ፊታቸው ጠቁሯል። ወጡን አንዴ ቀምሰው ሳህኑን ገፉት።

«ጨው የሚባል አልነካውም። ሊሞት ነው ስትይ ጨውም ቆጠብሽብኝ?»

«ላምጣ» አለችና ንግሥቴ ጓዳ ገባች። ጨው ማንሣት ያን ያህል አያቆይም፤ እሷ ግን እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ እስክትጨርስ አልወጣችም።