የደቡብ ቺ ጸሐፊ በሆጤ

ሙንዚር ሽማግሌውን መጀመሪያ ያያቸው ሰኞ ጠዋት፣ በሚኖርበት ሰፈር በሆጤ፣ ከፈትሂያ ሱቅ ደጃፍ ነው። ጥቁር ጃንጥላቸውን ተደግፈው ከባለ ሱቋ ጋር ዝግ ባለ ድምፅ ያወራሉ፤ እሱ ሲደርስ ዝም አሉ። ማክሰኞ መስጊድ በር ላይ አያቸው። ረቡዕ ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ፣ እሱ ከሚሠራበት ፋብሪካ ሠራተኞች መሀል ተቀምጠው።

ያን ዕለት ሲመለስ ፈትሂያን ያዛት። እሷም ሽማግሌው ስለ እሱ መጠየቃቸውን አልደበቀችም፤ ይሰግዳል ወይ፣ ከማን ጋር ይውላል፣ ቻይና ስምንት ዓመት ሙሉ ምን ሲሠራ ኖረ። ማን እንደላካቸው ሲጠይቃት ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «አይ ቻይናው፣ አንተ ደግሞ ሁሉን ካላወቅኩ ትላለህ» አለችና ስኳር ወደ መመዘኑ ዞረች።

ሙንዚር የተማረው ናንጂንግ ነው። ከተማዋ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት የደቡብ ቺ ነገሥታት መናገሻ ነበረች፤ የመመረቂያ ጽሑፉንም የጻፈው በእነሱ ላይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ዘመዶቹን በየአውራጃው ይሾምና ከእያንዳንዳቸው ኋላ አንድ ተራ ጸሐፊ ይልካል። ጸሐፊው መስፍኑ ምን እንደበላ፣ ከማን ጋር እንደተጫወተ ለቤተ መንግሥት ያደርሳል። አንዱ ትንሽ መስፍን ያማረውን ምግብ ቢጠይቅ፣ ወጥ ሠሪው ጸሐፊው ስለሌሉ አልደፍርም አለው። ቀኑ ሲደርስ የመስፍኑን የሞት ትእዛዝ ይዞ የሚመጣውም ያው ጸሐፊ ነበር። ስምንት ዓመት ከእነዚህ ሰዎች ጋር የከረመ ሰው፣ ጃንጥላ የያዘ ሽማግሌ ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም።

ደግሞም ምክንያት ነበረው። አስተርጓሚ በሆነበት ፋብሪካ ለሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ሲፈለግ፣ እሱና ሀምዱ የሚባል የፈረቃ አለቃ ተወዳድረዋል። ሀምዱ ሰሞኑን ሻይ ካልጋበዝኩህ ማለት አብዝቷል። ሽማግሌውን የላከው እሱ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?

ሹመቱን የፈለገው ሊያገባት ላሰባት ለሱዓድ ሲል ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት አባቱ ሽማግሌ ይዘው ቢስቲማ፣ ወላጆቿ ዘንድ ወርደው ጠይቀውለታል፤ ቤተሰቦቿም እንመካከር ብለው ለፊታችን እሑድ ቀጥረዋል። እሷ ራሷ በስልክ እሺ ካለችው ቆይታለች። ናንጂንግ ባሉ ጓደኞቹ ዘንድ ወንዱና ሴቷ ከተስማሙ ነገሩ ያበቃ ነበርና፣ እሑድን እንደ ወግ ብቻ ቆጠረው። ባዶ እጁን ላለመቅረብ ብቻ ተጨነቀ።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ፒያሳ፣ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ደረሰባቸው። ሽማግሌው ቀድመው፣ «አሰላሙ አለይኩም» አሉት። አልመለሰም።

«ማነው የላከዎት?»

የሚላኩት ሰው ሲያምናቸው እንደሆነ ነገሩት። ስማቸውም ጣሀ መሆኑን ጨመሩ።

«በዚህ ዕድሜዎ ጆሮዎን ለሰው ማከራየት አያሳፍርዎትም?»

የባጃጅ ሹፌሮቹ ጨዋታቸውን አቆሙ። አባባ ጣሀ አልተቆጡም፤ ሙንዚርን ያስፈራው ይሄ ነው።

«የሱዓድ አባት አጎት ነኝ፣ ልጄ» አሉት። «ልጃችንን ለማናውቀው ሰው አንሰጥም። ጎረቤትህን ጠየቅኩ፣ መስጊድ ጠየቅኩ፣ ሥራ ቦታህ ድረስ ወረድኩ። ያ ሀምዱ የምትሉት፣ እንደ ሙንዚር ያለ ልጅ የለም ነው ያለኝ።»

ሙንዚር ጉልበታቸውን ሊይዝ ጎንበስ ሲል በእጃቸው ከለከሉት። ስላጠፋሁ አፉ ይበሉኝ ሲላቸው፣ ይቅር ብለው አፉ አሉት።

«እሑድ ግን የሰማሁትንም ያየሁትንም እናገራለሁ። አልጨምርም፣ አልቀንስም።» ጃንጥላቸውን አስቀድመው ባጃጅ ውስጥ ገቡ።

ከደቡብ ቺ በፊት፣ በዌይ ነገሥታት ዘመን፣ አባባ ጣሀን የሚመስል ሌላ ዓይነት ሹም ነበር። የአገሩን ወጣቶች ጠባይና ዘር ከሚያውቋቸው ሰዎች አጣርቶ፣ በዘጠኝ ደረጃ ከፍሎ ለቤተ መንግሥት ያሳውቃል፤ በእሱ ቃል ሹመት ይገኛል፣ በእሱ ቃል ይቀራል። ሙንዚር በጽሑፉ ውስጥ ለዚህ ሹም የሰጠው ግማሽ ገጽ ነው።

በእግሩ ወደ ሆጤ ተመለሰ። ፈትሂያ ገና በሩ ላይ ስታየው የሆነውን ሳታውቅ አልቀረችም።

«ምን ነበር ያልሻቸው?» አላት።

«ጥሩ ልጅ ነው፣ ትንሽ ይጠራጠራል እንጂ አልኳቸው። ሚስት ሲያገባ ይተወዋል ብለው ሳቁ፣ ወላሂ።»

እውነቷን እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን መረመረ። «መቼ ነው እንዲህ ያሉት?»

«ሰኞ ነዋ።»

ሰኞ። ያኔ የሰላምታቸውን ምላሽ ገና አልነፈጋቸውም፣ በሰው ፊትም አላዋረዳቸውም ነበር።